የግንቦት ሰማይ፦ የበልግ መውጫ ቀናት ትንበያ ምን ይነግረናል?

የግንቦት ወር ጠዋት በአብዛኛው ብሩህ ነው። ፀሐይዋ ገና ከማለዳው ታቃጥላለች፤ ተማሪውም ጃንጥላውን ቤቱ ትቶ ይወጣል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በተራሮች አናት ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያሉ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ይጠቁራል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ይመጣል፤ ከዚያም ነጎድጓድ፣ በረዶና ዶፍ ዝናብ ይከተላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ተመልሳ ትወጣለች። የአንዱ ሰፈር ቦይ በጎርፍ ሲሞላ፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሰፈር አንዲት ጠብታ እንኳ ላትወርድ ትችላለች።

ለከተማ ነዋሪ ይህ ሁሉ ልብስ ከመበስበስ ያለፈ ጉዳት ላይኖረው ይችላል። ማሳውን አለስልሶ በቆሎውን ወይም ማሽላውን ለመዝራት ለሚጠብቅ ገበሬ ግን ጉዳዩ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው። ይህ ዝናብ የሚዘራበት ነው ወይስ አታልሎ የሚሄድ? ዛሬ ዘርቶ ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢጠፋ ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘሩም ይባክናል። ሳይዘራ ቢጠብቅና ዝናቡ ቢቀጥል ደግሞ ሰብሉ ሳይደርስ ክረምቱ ይወጣበታል። ገበሬው በሬዲዮ የአየር ትንበያ ሲያዳምጥ የሚፈልገው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። ትንበያው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመልስለት በሌላ ቋንቋ፣ ማለትም በመቶኛ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የግንቦት ሰማይ ለምን እንደሚለዋወጥ፣ መተንበዩ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ፣ በመጨረሻም በትንበያው ውስጥ ያለው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብና ምን ውሳኔ እንደሚሰጥበት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ግንቦት የየትኛው ወቅት ወር ነው?

በአገራችን የቆየው የዘመን አቆጣጠር ዓመቱን ለአራት ይከፍለዋል፦ መጸው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት። በዚህ አከፋፈል ዘመነ ጸደይ መጋቢት 26 ቀን ገብቶ ሰኔ 25 ቀን ያበቃል። ስለዚህ ግንቦት የጸደይ ማገባደጃ ነው ማለት ይቻላል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ የአገሪቱን ዝናብ መሠረት አድርገው ዓመቱን በሦስት ወቅቶች ይከፍሉታል። በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚህኛውም አቆጣጠር ግንቦት የበልግ መጨረሻና የክረምት ደጃፍ ነው።

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ አንድ የግንቦት ወር ብቻ የላትም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም በቦረና፣ በጉጂና በሶማሌ ክልል ቆላማ ቦታዎች፣ የዓመቱ ዋነኛ ዝናብ የሚዘንበው በዚህ ወቅት ነው። የቦረና አርብቶ አደሮች ይህንን ዝናብ «ጋና» ሲሉት ሶማሌዎች «ጉ» ይሉታል። ለእነርሱ ግንቦት ዝናቡ የሚሰናበትበት፣ ኩሬውና ኤላው ሞልቶ መሆን ያለበት ጊዜ ነው። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋማ ቦታዎች የበልግ ገብስ ፍሬ የሚይዝበት ወር ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ በበልግና በክረምት ዝናብ መካከል የሚገባው ደረቅ ክፍተትም የሚታየው በዚሁ ሰሞን ነው። በምዕራብ፣ በከፋ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ፣ ዝናቡ ከወዲሁ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። በትግራይና በሰሜን ጎንደር ግን ግንቦት በአመዛኙ ሙቀትና ጥበቃ ነው፤ ዝናቡ የሚገባው ሰኔ ላይ ነው።

እንግዲህ አንዲት የግንቦት ቀን ለአንዱ የዝናብ ማብቂያ፣ ለሌላው የዝናብ መሐል፣ ለሦስተኛው የዝናብ መጀመሪያ፣ ለአራተኛው ደግሞ የዝናብ ዋዜማ ናት። «በግንቦት ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ አንድ መልስ የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ትንበያ ስናዳምጥ በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባን የትኛው አካባቢ እንደተጠቀሰ ነው።

ዝናቡን የሚያመጣውና የሚወስደው

ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚነሡ ነፋሳት በምድር ወገብ አካባቢ ይገናኛሉ። በሚገናኙበት ቀበቶ አየሩ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመናና ዝናብ ይሆናል። ይህ የነፋሳት መገናኛ ቀበቶ የፀሐይን ጉዞ በጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ይከተላል። በጥር ወር ከምድር ወገብ በስተደቡብ ይሆናል፤ በሐምሌና በነሐሴ እስከ 15 ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ ድረስ ይደርሳል። አገራችን በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ የተዘረጋች በመሆኗ ቀበቶው ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣታል።

የፀሐይን ጉዞ ያለ መሣሪያ መከታተል ይቻላል። 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ፀሐይ በእኩለ ቀን ልክ ከአናታችን በላይ የምትሆነው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። በግንቦት ግን ወደ ሰሜን አልፋ ትሄዳለች። በግንቦት አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ግቢ ውስጥ ቆሞ የራሱን ጥላ የተመለከተ ሰው፣ ጥላው ወደ ደቡብ ወድቆ ያገኘዋል። የዝናቡ ቀበቶም ይህችን ፀሐይ እየተከተለ በጉዞ ላይ ነው።

ቀበቶው ሲጓዝ የሚነፍሰው ነፋስም ይለወጣል። በበልግ ወራት እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያቀርበው ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣ የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከሜዲትራንያን ባሕር አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ቀዝቃዛ የላይኛው አየር እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ይወርድና ይህን እርጥበት ወደ ላይ ስቦ ያዘንበዋል። በአንጻሩ ደግሞ በማዳጋስካር አካባቢ ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ኃይለኛ ሳይክሎኖች ሲበዙ፣ ወደ እኛ ሊመጣ የሚገባውን እርጥበት ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ የበልግ ዝናብም ይቀንሳል።

ወደ ግንቦት መጨረሻ ሌላ ለውጥ ይመጣል። በሶማሊያ ጠረፍ አጠገብ ከደቡብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገሠግሥ ፈጣን ዝቅተኛ ነፋስ ይጠነክራል። ይህ ነፋስ የሕንድን የክረምት ዝናብ የሚመግብ ሲሆን፣ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን እርጥበቱን ይዞ ስለሚያልፍ የጉና የጋና ዝናብ እንዲያበቃ ያደርጋል። በዚሁ ጊዜ በምዕራብ በኩል ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ የሚመጣው እርጥብ አየር እየበረታ የክረምቱን በር ይከፍታል። ግንቦት እንግዲህ የሁለት ሥርዓቶች መለዋወጫ ነው፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አልገባም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በአንድ ዓመት ሦስት ቀን፣ በሌላ ዓመት ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። የአገራችን ገበሬ የሚፈራው ይህንን ክፍተት ነው።

የከሰዓት በኋላው ዝናብ እንዴት ይወለዳል?

ትላልቁ ነፋሳት እርጥበቱን ያቀርባሉ፤ ዝናቡን በቀንና በሰፈር የሚመድበው ግን የመሬቱ ሙቀት ነው። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ይነሣል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ በግምት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያለው የውኃ ተን ወደ ጠብታነት መለወጥ ሲጀምር የደመናው ወለል ይታያል።

የደመናውን ወለል ከፍታ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የአየሩን ሙቀትና ጤዛ የሚጀምርበትን ሙቀት ልዩነት በ125 ማባዛት ነው። በአንድ የግንቦት ቀን የአየሩ ሙቀት 25፣ ጤዛ የሚጀምርበት ሙቀት ደግሞ 11 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 14 ነው። ስለዚህ ደመናው ከመሬት 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይጀምራል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይፋጠናል። ተን ወደ ውኃ ሲለወጥ ቀድሞ በትነት ጊዜ የወሰደውን ሙቀት ይመልሳል፤ መጠኑም በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ሙቀት አየሩን ዳግም ያቀለዋል፤ ደመናውም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየተመነደገ ይሄዳል። የኃይሉን ግዝፈት ለመገንዘብ አንድ ስሌት እንሥራ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ የወረደው ውኃ 20,000 ቶን ነው። ይህ ውኃ ደመና ውስጥ ሲጠራቀም የተለቀቀው ሙቀት 50 ትሪሊዮን ጁል ይሆናል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ይህን ያህል ኃይል ለማመንጨት በሙሉ አቅሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ መሥራት ይኖርበታል። ከሰፈራችን በላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈርሰውና የሚገነባው ይህን የመሰለ ኃይል ነው።

በረዶውስ በሞቃት ወር ከየት ይመጣል? በእኛ ኬክሮስ ውኃ የሚቀዘቅዝበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በደመና ውስጥ የተሠራ የበረዶ ጠጠር መሬት ለመድረስ በሞቃት አየር ውስጥ የሚያልፈው ከ2 ተኩል ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ነው፤ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። ቆላ ላይ ግን ከመድረሱ በፊት ዝናብ ይሆናል። በረዶ ደጋን የሚያዘወትርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዝናቡ ሲወርድ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ መሬት ይወርድና እንደ ፈሰሰ ውኃ በዙሪያው ይሰራጫል። ዝናብ ሳይጥል ቀድሞ የሚመታን ቀዝቃዛ ነፋስ ይህ ነው። ይህ አየር ከፊቱ ያለውን ሞቃት አየር እየገፋ ያነሣውና በአጠገቡ አዲስ ደመና ይወልዳል፤ የወለደውን ደመና ግን መሬቱን በማቀዝቀዝ ያፍነዋል። የዛሬው ዝናብ የት እንደጣለ የነገውን ቦታ የሚወስነው በከፊል በዚህ መንገድ ነው። በተራራማ አገር ደግሞ እያንዳንዱ ሸንተረርና ሸለቆ የየራሱን ነፋስ ይጨምርበታል።

መተንበይ ለምን አስቸገረ?

የአየር ጠባይ በፊዚክስ ሕግጋት የሚመራ በመሆኑ በስሌት ሊታወቅ ይችላል የሚል ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይህን ለመሞከር የመረጠው ዕለት፣ የሚገርመው፣ የጸደይ ማገባደጃ ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1910፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 12 ቀን 1902 ዓ.ም.። ሪቻርድሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ በአምቡላንስ ክፍል ሲያገለግል፣ በማዕከላዊ አውሮፓ በዚያ ዕለት በስድስት ሰዓት ውስጥ የደረሰውን የአየር ግፊት ለውጥ በእጁ አሰላ። ስሌቱ የሰጠው ውጤት የ145 ሚሊባር ጭማሪ ነበር፤ በእውነቱ ግን ግፊቱ የተለወጠው እምብዛም ነው። ሪቻርድሰን ውድቀቱን ሳይደብቅ እ.ኤ.አ. በ1922 በመጽሐፍ አሳተመው። ዘዴው በመሠረቱ ትክክል እንደነበረ፣ የተሳሳተው የመነሻው መረጃ ያልተስተካከለ መሆኑ እንደነበረ በኋላ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ትንበያ ተሠራ፤ የ24 ሰዓቱን ትንበያ ለማስላትም 24 ሰዓት ያህል ፈጀ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሚቲዎሮሎጂስት ቀለል ያለ የአየር ሞዴል በኮምፒዩተር ሲያስኬድ፣ አንዱን ስሌት ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ስሌቶች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሆኑ። በመነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት እያደገች ትንበያውን እንደምታፈርሰው በዚህ ታወቀ።

ስለዚህ የዛሬ ዘመን የትንበያ ማዕከላት አንድ ስሌት ብቻ አይሠሩም። ለምሳሌ የአውሮፓው የመካከለኛ ርቀት ትንበያ ማዕከል መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 51 ስሌቶችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ከ51ዱ 36ቱ «ይዘንባል» ካሉ የዝናብ ዕድሉ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። መቶኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ትንበያ ሰጪው ማመንታቱን የሚደብቅበት ቃል ሳይሆን፣ ማመንታቱን ለክቶ የሚያሳይበት ቁጥር ነው።

የእኛ ግንቦት ደግሞ የራሱ ተጨማሪ ችግር አለው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙውን ዝናብ የሚያመጡት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ከቀናት በፊት አመጣጣቸው የሚታይ ሥርዓቶች ናቸው። የእኛው የከሰዓት በኋላ ዝናብ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ተወልዶ የሚሞት ደመና ነው። ዓለምን 9 ኪሎ ሜትር ጎን ባላቸው አራት ማዕዘኖች የሚከፋፍል ሞዴል እንዲህ ያለውን ደመና ለይቶ ማየት አይችልም። «ነገ በአካባቢው ነጎድጓዳማ ዝናብ ይጠበቃል» ማለት ይችላል፤ «የእገሌ ማሳ ላይ ይዘንባል» ማለት ግን አይችልም።

የወቅት ትንበያ ቋንቋ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከዕለታዊው ሌላ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችን ባለሙያዎች እያሰባሰበ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ክፍለ አህጉራዊ የወቅት ትንበያ ሲያወጣ ቆይቷል። እነዚህ የወቅት ትንበያዎች የሚናገሩት በሦስት ክፍሎች ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች።

ክፍሎቹ የሚገኙት እንዲህ ነው። የአንድ ቦታ የ30 ዓመት የወቅት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። ዝቅተኞቹ 10 ዓመታት ከመደበኛ በታች፣ መካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ ከፍተኞቹ 10 ከመደበኛ በላይ ይባላሉ። ምንም መረጃ በሌለበት የእያንዳንዱ ክፍል ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው። ትንበያው «ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20» ቢል ሚዛኑ ወደ ድርቀት አጋድሏል ማለት እንጂ ድርቅ ይመጣል ማለት አይደለም። በዚህ ትንበያ ውስጥ እንኳ ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ 55 በመቶ ነው። ሬዲዮ «ከመደበኛ በታች ዝናብ ይጠበቃል» ብሎ ቁጥሮቹን ሲዘላቸው የጠፋው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትንበያው ስለ ጠቅላላ መጠን እንጂ ስለ ሥርጭት አለመናገሩ ነው። ሁለት የግንቦት ወሮችን እናስብ። በአንደኛው በየሦስት ቀኑ 10 ሚሊ ሜትር፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ ዘነበ። በሁለተኛው በግንቦት 2 ቀን 45፣ በግንቦት 28 ቀን ደግሞ ሌላ 45 ሚሊ ሜትር ዘነበ። የሁለቱም ድምር 90 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ይመደባሉ። በመጀመሪያው ወር በቆሎው ይለመልማል፤ በሁለተኛው ቡቃያው በ25 ቀን ደረቅ ፀሐይ ይነድዳል።

ተመራማሪዎች የዝናብ መግቢያን ሲበይኑ ይህን አደጋ ያካትታሉ። በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት አንዱ ብያኔ፣ በተከታታይ ሦስት ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ በሚከተሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ7 ቀን የረዘመ ደረቅ ጊዜ ካልታየ ዝናቡ ገብቷል ይላል። የመጀመሪያው ሁኔታ ተሟልቶ ሁለተኛው ሲጓደል «አታላይ መግቢያ» ይሆናል። ችግሩ ተመራማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲበይን፣ ገበሬው ወደ ፊት አይቶ መወሰን ያለበት መሆኑ ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንድ ትንበያ

እንግዲህ ቁጥሩ በውሳኔ ላይ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። የምንጠቀምባቸው የብር መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ የመረጥናቸው ናቸው። አንድ ገበሬ ዛሬ ዘርቶ ዝናቡ ቢቋረጥ የዘርና የጉልበት 3,000 ብር ያጣል። ሳይዘራ ቆይቶ ዝናቡ ቢቀጥል ደግሞ ሰብሉ በመዘግየቱ ምክንያት 2,000 ብር የሚያወጣ ምርት ያጣል። የአሥር ቀን ትንበያው ዝናቡ የመቋረጥ ዕድሉ 30 በመቶ ነው ቢል፣ የመዝራት ኪሣራ በአማካይ 900 ብር፣ የመጠበቅ ኪሣራ ደግሞ የ2,000 ብር 70 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ነው። ስለዚህ መዝራት ይሻለዋል። የመቋረጥ ዕድሉ 50 በመቶ ቢሆን ግን 1,500 ለ1,000 ስለሚሆን መጠበቅ ይበልጣል። የውሳኔው ድንበር 40 በመቶ ነው።

ጎረቤቱ ግን ጎተራው ባዶ ነው፤ ያለው ዘር አንድ ጊዜ የሚዘራ ብቻ ነው። ቡቃያው ቢደርቅበት ተበድሮ ዘር መግዛት ስላለበት ኪሣራው 8,000 ብር ይሆናል እንበል። በዚያው የ30 በመቶ ትንበያ የመዝራት ኪሣራው 2,400፣ የመጠበቅ ኪሣራው ግን ያው 1,400 ብር ነው። ለዚህ ሰው ትክክለኛው ውሳኔ መጠበቅ ነው፤ የእርሱ ድንበር 20 በመቶ ነው።

በአንድ መንደር፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ትንበያ የሰሙ ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ውሳኔ ወሰኑ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትንበያው «ዝሩ» ወይም «አትዝሩ» ብሎ ቢነግራቸው ኖሮ ከሁለቱ አንዱን በድሎ ነበር። ቁጥሩ ሳይሸራረፍ ለሕዝብ መድረስ አለበት የምንልበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ ገበሬዎች ስሌቱን በወረቀት ሳይጽፉ ሦስተኛውን መንገድ ያውቁታል፤ ማሳውን ከፍለው ከፊሉን ዛሬ፣ ከፊሉን ከሁለተኛው ዝናብ በኋላ ይዘራሉ።

ትንበያው ተሳሳተ የሚባለው መቼ ነው?

«70 በመቶ ይዘንባል» ተብሎ ሳይዘንብ ቢቀር ትንበያው ተሳስቷል ማለት አይደለም። 70 በመቶ በተባለባቸው ቀናት ሁሉ ተደምረው ሲታዩ ከአሥሩ በሰባቱ ያህል ዘንቦ ከተገኘ ትንበያው ታማኝ ነው። በአሥሩም ከዘነበ እንኳ ትንበያ ሰጪው ከሚገባው በላይ ፈሪ ነበር ማለት ነው። ይህን ለመመርመር ደግሞ የትንበያና የልኬት መዝገብ ለረጅም ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል።

የበልግ ትንበያ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። የበልግ ምርት ከአገሪቱ ዓመታዊ የሰብል ምርት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤ በበልግ አብቃይ ወረዳዎች ግን እስከ ግማሽ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ተጓደለ፤ ቀጥሎ የመጣው ክረምትም በኤልኒኞ ምክንያት ደከመ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሚያዝያና ግንቦት ግን ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ቀጠፈ። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላማ ቦታዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በ2015 ዓ.ም. በልግ ዝናቡ ሲመለስም ጎርፍ ይዞ ነበር። ድርቅና ጎርፍ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ወቅት የሚፈራረቁ ከሆነ፣ ከወቅቱ ትንበያ በኋላ የአሥር ቀኑንና የዕለቱን መከታተል ግድ ይሆናል።

ተማሪዎች ምን ማድረግ እንችላለን?

የዝናብ መለኪያ ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣራ ርቆ ገላጣ ቦታ ላይ ይቀመጥ። በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በውስጡ የተጠራቀመው ውኃ ጥልቀት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካና ይመዝገብ፤ ከዚያም ይደፋ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ከተማ የሚገኙ አምስት ትምህርት ቤቶች የአንድ ግንቦት መዝገባቸውን ቢያስተያዩ፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዝናቡ መዘበራረቅ ያልነውን በዓይናቸው ያያሉ። ከመዝገቡ ጎን የዕለቱ ትንበያ ቢጻፍ ደግሞ የትንበያውን ታማኝነት ራሳቸው መመዘን ይችላሉ።

ነጎድጓድ ሲቃረብም ሒሳብ ይጠቅማል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ በመብረቁ ብልጭታና በነጎድጓዱ መካከል ያሉት ሰከንዶች ለሦስት ሲካፈሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣሉ። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ሜዳ ላይ መቆየትም ሆነ ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ ወደ ቤት መግባት ይገባል።

ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ ገበሬ ቤተሰቦቻችን እንመለሳለን። እናቶቻችንና አባቶቻችን ደመናውን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የዛፎቹን አበባ ማንበብ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። እኛ ልንጨምርላቸው የምንችለው ሬዲዮው የዘለለውን ቁጥር ነው። «ይዘንባል ተብሏል» ብለን ከመንገር ይልቅ፣ ከአሥር ጊዜ ስንቱን እንደሆነ፣ የትኛውን አካባቢና የትኞቹን ቀናት እንደሚመለከት እንንገራቸው። ምን ያህሉን ማሳ ዛሬ መዝራት፣ ምን ያህሉን ዘር ጎተራ ማቆየት እንዳለባቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።